የዋሻው መዥገርና ፕሮፌሰር ሻውል አድለር

በእስራኤል፣ ከቂርያት ጋት ከተማ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደተነዳ የቤት ጉቭሪን ኮረብቶች ጋ ይደረሳል። ድንጋያቸው ለስላሳና ነጭ ስለሆነ የጥንት ሰዎች ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለርግብ ማርቢያና ለመቃብር ሲፈለፍሉት ኖረዋል፤ አካባቢው ሁሉ ዋሻ በዋሻ ነው። በይሁዳ ኮረብቶች ፍየል የሚያድርባቸውና ጃርት የሚገባባቸው ዋሻዎችም ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያሉ ዋሻዎች አቧራ ውስጥ ኦርኒቶዶሮስ ቶሎዛኒ የሚባል መዥገር ይኖራል።

አገር ቤት ኢትዮጵያ ከላም ጡት ላይ እየነቀልን የምንጥለው ዓይነት አይደለም። ያ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ቀናት ይሰነብታል። የዋሻው መዥገር ግን አፈር መስሎ ይጠብቃል፤ ሰው ወይም እንስሳ አረፍ ሲል ወጥቶ፣ በአጭር ጊዜ ደም መጥጦ ተመልሶ ይቀበራል። ንክሻው ስለማያም የተነከሰው አያውቅም። የሚበላው ቢያጣ ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። ከምራቁ ጋር ቦሬሊያ ፐርሲካ የተባለ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ካስገባ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይነሳል፤ ይተዋል፤ ዳነ ሲባል ያገረሻል። ባክቴሪያው የላይ ልብሱን እየቀያየረ ስለሚመጣ ሰውነት አንዱን ለይቶ ሲያሸንፍ ሌላው ይነሳበታል። አገር ቤት በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

እዚህ እስራኤል በዚህ የዋሻ ትኩሳት በብዛት የሚያዙት ወታደሮችና ተጓዦች ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 93 ለመዥገሩ የተጋለጡ ወታደሮች ለሁለት ተከፈሉ፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 46 መካከል 10 ሲታመሙ፣ ዶክሲሳይክሊን ከወሰዱት 47 አንድም አልታመመም። ልጆቻችን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ናቸውና ይህን ማወቅ ይገባናል፦ ዋሻ ገብቶ የወጣ ሰው ካተኮሰው መጀመሪያ ለሐኪሙ የሚናገረው ስለ ዋሻው ይሁን። ባክቴሪያው በደም ናሙና የሚታየውም በተለይ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ነው።

ይህን በሽታ ከመዥገሩ ጋር አያይዘው ካጠኑት አንዱ ሻውል አድለር ናቸው። በ1895 በዛሬዋ ቤላሩስ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ወደ እንግሊዝ ሊድስ ከተማ ሄደው፣ እዚያው ሕክምና ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ኢራቅ ዘመቱ፤ በኋላም በሴራሊዮን ሠሩ። በ1924 ኢየሩሳሌም ገቡና በ1966 እስኪሞቱ ድረስ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ቆዩ። የዋሻው ትኩሳት ጥናታቸው፣ ከኦስካር ቴዎዶር ጋር፣ በ1937 ታተመ።

ዋናው የሕይወት ሥራቸው ግን አገር ቤት ቁንጭር የምንለው የቆዳ በሽታና ካላዛር የተባለው የውስጥ አካል በሽታ ነበሩ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቁመቷ ሦስት ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በሌሊት ድምፅ ሳታሰማ የምትነክስ ነፍሳት። አድለርና ቴዎዶር በኢያሪኮ ዝንቦቹን ሰብስበው፣ አንጀታቸውን በአጉሊ መነጽር ሥር እየከፈቱ የቁንጭርን ጥገኛ ተሕዋሲ አገኙ። በንክሻ መተላለፉን ለማስረዳት ግን ዓመታት ፈጀ፤ ዝንቦቹን በላቦራቶሪ ማራባት፣ በቀጭን ሽፋን በኩል መመገብ፣ ምግቡንም ጨው ጨምሮ ማዘጋጀት ጠየቀ። በ1941 ከባልደረባቸው ቤር ጋር ዝንቦቹ ፈቃደኛ ሰዎችን እንዲነክሱ አደረጉ፤ በተነከሰው ቦታም ቁስሉ ወጣ። ከሥራቸው ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን ትዕግሥት ነው።

ለካላዛር ጥናት አድለር ሃምስተር የምትባለዋ አይጥ መሰል እንስሳ ታስፈልጋቸው ነበር፤ የቻይናው ዝርያ ግን ኢየሩሳሌም አልራባ አላቸው። በ1930 የእንስሳት ተመራማሪው እስራኤል አሃሮኒ ከሶርያ፣ ከሐለብ አጠገብ፣ ከእርሻ ውስጥ አንዲት እናት ከነልጆቿ አስቆፈሩ፤ ልጆቿንም ወደ ኢየሩሳሌም አመጡ። ዛሬ ልጆች በሽቦ ጎጆ የሚያሳድጓቸው ወርቃማ ሃምስተሮች አብዛኞቹ የእነዚያ ዘር ናቸው።

ሥራው ከአድለር ጋር አልቆመም። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው አሎን ዋርበርግና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ ቆላ ካላዛርን የምታስተላልፈውን ዝንብ አጥንተዋል። የበጋ ፀሐይ በሰነጠቀው የዋልካ መሬት ላይ ወጥመድ ሲከደን፣ አዳዲሶቹ ዝንቦች ከስንጥቁ ሲወጡ ተያዙ። ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱ ደገኞች የሚያድሩት በዚሁ መሬት ላይ፣ በሜዳ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በደጋው ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ተለይቶ ሲታወቅ፣ በሽታው ቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ሰዎች ሞተው ነበር።