በባሮ የመጣ እንግሊዝኛ

አዲስ አበባ እንግሊዝኛን በብዛት የለመደችው ከትምህርት ቤት ነው። ጋምቤላ ግን የተዋወቀችው ከወንዝ ወደብ ነው። አጼ ምኒልክና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ በ1904 ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የካርቱም መርከቦች ቡና ሊጭኑ ይመጡ ነበር። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው በእንግሊዞች እጅ የነበረው የሱዳን መንግሥት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋርጦ፣ እስከ 1956 ዘለቀ፤ በዚያ ዓመት ሱዳን ነጻ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መርከቡ ቢቀርም የቋንቋው መንገድ አልተዘጋም። ኑዌርና አኙዋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሚሲዮናውያኑ በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሱዳን የሰላም ስምምነትም እንግሊዝኛን የደቡቡ ዋና ቋንቋ አደረገው። በ1980ዎቹ የኢታንግ፣ ከ2013ቱ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ የኩሌ፣ የቴርኪዲና የጀዊ መጠለያዎች በስደተኛ ሲሞሉ ይህ የደቡብ ሱዳን እንግሊዝኛ አብሮ ገባ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ «ካምፕ»፣ «ራሽን» እና «ኤንጂኦ» ግን አስተርጓሚ አይሹም።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ አንድ ድምፅ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ምላሳችንን በጥርሶቻችን መሃል ማውጣት ስለሚከብደን፣ እንግሊዞች «ይህ» የሚሉበትን ቃል «ዚስ» ብለን እናልፈዋለን። ኑዌርኛና አኙዋክኛ ግን ሁለት ዓይነት «ት» አላቸው፤ በአንደኛው ምላስ ጥርስን ይነካል፣ በሌላኛው ከጥርስ በስተኋላ ድድን። በ1928 የረጃፍ የቋንቋ ጉባኤ ኑዌርኛን ጨምሮ ለደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች የላቲን ፊደል ሲመርጥ፣ የጥርሱ «ት» «ቲ» እና «ኤች» ተጣምረው ይጻፉ ጀመር። እንግዲህ በእናቱ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ያንኑ ጥምር ፊደል እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ሲያገኘው የሚያውቀውን ድምፅ ቢሰጠው ምን ይገርማል?

እንግሊዝኛ ራሱ የዘዬዎች ቅይጥ ነው። አንግሎችና ሳክሶኖች የየራሳቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ፤ «እነሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም እንኳ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ወርሷል፤ ከ1066 በኋላ ደግሞ ፈረንሳይኛ ገባበት። ብዙ አየርላንዳውያንም ያንን አስቸጋሪ ድምፅ እስከ ዛሬ በጥርስ «ት» ይሉታል። የጋምቤላን ተማሪ አነጋገር የሚያርም መምህር አስቀድሞ ደብሊንን ያርም።