የጭብጦና የዳገት ነገር

መንዝ ውስጥ ዳገት የሚወጣ ሰው ስንቁን ሲፈታ ጭብጦ ቢያወጣ አይገርምም። ከተቆላ ገብስ የተፈጨው በሶ ላይ ውሃ ጠብ ይደረግና ጨው ቢጤ ገብቶበት ይለወሳል፤ ከዚያ በእጅ ይጨበጣል። እናንተም ዛሬ ጠዋት በልታችሁት ይሆናል። የሆድ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን የአንጎልም ነው።

ቁጭ ባላችሁበት እንኳ ሰውነታችሁ ከሚያቃጥለው ጉልበት ከአምስት አንድ እጁን የሚወስደው አንጎል ነው። ክብደቱ ግን ከመላው ሰውነት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆዳም ቢባል አይበዛበትም! በዚያ ላይ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የለውም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩን ከደም ሳይቋረጥ ይፈልጋል።

እስቲ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቡ። በአንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ በሌላው ሁለት ማንኪያ በሶ በጥብጡ። ስኳሩ ወዲያው ይሟሟል። በሶው ግን ቆየት ሲል እየወፈረ ይሄዳል።

ለመወፈሩ አንዱ ምክንያት ቤታ ግሉካን የሚባለው የገብስ አሰር ነው። አንጀት ውስጥም እንዲሁ ስለሚወፍር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ እልም። በሶ ግን እንደ ኩበት እሳት ውሎ ያድራል። (በሶው ላይ ስኳር የምትነሰንሱ፣ ኩበቱ ላይ ጭድ እየጨመራችሁ መሆኑን እወቁት።)

የቀረውን ሥራ የሚሠራው ዳገቱ ነው። ስትወጡ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አውጉ። ማውራት ችላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ እርምጃው በቂ ነው። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መንዝ ላይ ዘፈኑ ቶሎ ይቋረጣል። ከቆላማው የጀማ ሸለቆ ለመጣ እንግዳማ ወሬውም ሳይቋረጥበት አይቀርም።

ልብ ሲፈጥን ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ የነርቭ ሕዋሳትን የሚንከባከብ ፕሮቲንም በብዛት ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 120 አረጋውያንን ለሁለት ከፍሎ አንድ ዓመት ተከታተለ። በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 40 ደቂቃ የተራመዱት፣ ትዝታ የሚያኖረው የአንጎላቸው ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ 2 በመቶ ያህል አደገላቸው። ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ የቆዩት ግን 1.4 በመቶ ያህል ቀነሰባቸው። ሩጫ አይደለም፣ እርምጃ ነው፤ ገበያ ደርሶ መመለስ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አንጎል ፈልጎት ከገብሱ በበቂ የማይገኘው አዮዲን ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል፤ እንቅርት የሚመጣው በዚሁ ነው። ከእንቅርቱ የከፋው ግን ነፍሰ ጡሯ አዮዲን ስታጣ የፅንሱ አንጎል እድገት መጓደሉ ነው። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት። ጭብጦ እሳት ስለማይነካው ጨዉ ሲለወስ ቢገባ ችግር የለም። ወጥ ላይ ከሆነ ግን ድስቱ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።