ሩብ ሳንቲም ለመንገድ፤ ደጅ የሚጠናው ማዘጋጃ ቤት

በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስና በፎርትወርዝ መካከል አርሊንግተን የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ጋር እንዳትምታታ አደራ እንላለን። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 394 ሺህ ገደማ ነዋሪ የተቆጠረባት ይህች ከተማ ከ2002 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን) በየአራት ዓመቱ ለመራጮቿ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች። ጥያቄው አጭር ነው። የከተማውን መንገድ ለመጠገን በእያንዳንዱ ዶላር ላይ የሚሰበሰበው የሩብ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

መራጩ «ይቀጥል» ካለ ማዘጋጃ ቤቱ ለተጨማሪ አራት ዓመት ይሰበስባል። «ይቅር» ካለ ግን ታክሱ ቀኑ ሲደርስ በሕግ ይሞታል። ከንቲባው ቢማጠኑ፣ ምክር ቤቱ ሌሊቱን ሲሰበሰብ ቢያድር፣ እንደገና ሕዝብ ፊት ካልቀረበ በቀር የሚያስነሳው የለም። እስካሁን መራጩ እሺ ሲል ቆይቷል።

ስለ እስር፣ ስለ ጦርነትና ስለ መፈናቀል ስንጽፍ የከረምን ሰዎች ዛሬ ስለ አስፋልት ጉድጓድ መጻፋችን የሚያስገርማቸው አንባቢያን አይጠፉም። ታገሡን። «ግብር ከፋዩ አዛዥ ነው» የሚለውን አባባል በየስብሰባው ስንደጋግመው ኖረናል፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር የሚያሳይ ምሳሌ ሲፈለግ ከዚህ ተራ ከሚመስል ጉዳይ የተሻለ አላገኘንም። ደግሞም ታክሱን ከሚከፍሉት መካከል እኛም አለንበት። በአካባቢው ታክሲና ኡበር የሚነዳ፣ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ጋዝ ስቴሽን የሚያስተዳድር ወገን ብዙ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አርሊንግተን ውስጥ ታክስ የሚከፈልበት የ100 ዶላር ዕቃ ቢገዙ ደረሰኙ ላይ 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይጨመርበታል። ከዚህ ውስጥ 6 ዶላር ከ25 ሳንቲሙ የግዛቱ ነው። የቀረው 2 ዶላር የከተማው ሲሆን፣ የቴክሳስ ሕግ ከዚህ በላይ እንዳይወስዱ ጣሪያ አበጅቶባቸዋል። አንዱ ዶላር ወደ ከተማው መደበኛ በጀት ይገባል። 50 ሳንቲሙ ለስታዲየም ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። 25 ሳንቲሙ በ2020 መራጩ የፈቀደው የኢኮኖሚ ልማት ታክስ ነው። የመጨረሻዋ 25 ሳንቲም ናት እንግዲህ የመንገዱ ድርሻ። በዓመት 10 ሺህ ዶላር ታክስ ያለበት ዕቃ የሚገዛ ቤተሰብ ለመንገዱ የሚያዋጣው 25 ዶላር ነው። አንድ ጉድጓድ ቸርኬ ሲያጣምም ወይም አሞርዛተር ሲሰብር ጋራዡ የሚጠይቀውን ሹፌሮቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

የሽያጭ ታክስ ድሀውን ከሀብታሙ ይልቅ ይጫነዋል የሚለው ክርክር እውነት አለው። ድሀ ያገኘውን ሁሉ ይገዛበታል፤ ሀብታም ይቆጥባል። ቴክሳስ ጥሬ የምግብ ሸቀጥንና በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትን ከታክሱ ነፃ በማድረጓ ጫናው ትንሽ ይቀልላል። የጤፍ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ሥጋ አይነካቸውም። ያው ሥጋ ክትፎ ሆኖ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ግን ታክሱ አብሮት ይቀርባል። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላም አያመልጡም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። መንገዱን የሚበላው መኪና ነው፤ መኪናውና ቤንዚኑ ግን ለዚች ሩብ ሳንቲም አያዋጡም። መኪና ሲገዛ የሚከፈለው 6.25 በመቶ ለግዛቱ ብቻ ነው። በቤንዚን ላይ በጋሎን የሚቆረጠው 20 ሳንቲም ደግሞ ከ1991 ወዲህ ያልተነካ ሲሆን፣ ሩቡ ለትምህርት ቤቶች፣ አብዛኛው ለግዛቱ አውራ ጎዳናዎች ይሄዳል። ከእርስዎ ደጃፍ ያለው የሰፈር መንገድ ከዚያ አይደርሰውም። ስለዚህ ሶፋ የገዛው ሰው የጭነት መኪናው ለሰነጠቀው አስፋልት ይከፍላል ማለት ነው። ፍትሐዊ ነው ብለን አንከራከርም። ከተማው በእጁ ያለው መሣሪያ ይህ ስለሆነ ነው።

ታክሱን የወለደው ሕግ በ2001 በቴክሳስ ምክር ቤት የጸደቀ ነው። በሕጉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማረከን አንድ ቁጥብ ዐረፍተ ነገር ነው። ገንዘቡ ሊውል የሚችለው ለጥገና ብቻ ነው ይላል። አዲስ መንገድ አይሠራበትም። አንድ ባለሥልጣን በዚህ ገንዘብ ለአንድ ባለሀብት ባዶ መሬት አስፋልት ልዘርጋ ቢል ሕጉ እጁን ይይዘዋል። ለጥገና ብላችሁ ተቀበላችሁ፣ ለጥገና አውጡ።

እኛ በመንግሥት ጋዜጣ በአርታኢነት በሠራንባቸው ዓመታት የመንገድ ዜና አልተቸገርንም። ቄጤማ ተጎዝጉዞ የመሠረት ድንጋይ ሲኖር፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሚኒስትሩ መቀስ ይዘው ፈገግ ሲሉ ፎቶውን ፊት ገጽ ላይ እናወጣ ነበር። ያው መንገድ ከሦስት ክረምት በኋላ ሲፈራርስ ግን ዜና አልነበረም። ጥገና ሪባን የለውም። ማንም ሚኒስትር የተሰነጠቀ አስፋልት ላይ ሬንጅ ሲፈስ ቆሞ ፎቶ መነሳት አይፈልግም። ለዚህም ነው ጥገና በጀት ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው፤ ይህ ደግሞ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በየትም አገር ያለ በሽታ ነው። የአርሊንግተኑ ታክስ ትልቁ ጥቅሙ ገንዘቡን አጥር አበጅቶለት ከሌላው በጀት መለየቱ ነው።

ለምን ጥገናው እንደሚያስቸኩል መሐንዲስ ያልሆነም ሰው ሊረዳው ይችላል። አስፋልት የሚሞተው በውሃ ነው። ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ ሥሩ ያለው አፈር ይላላል፣ ከዚያ በላዩ የሚያልፈው ጎማ የቀረውን ይጨርሳል። ስንጥቁን በጊዜው በሬንጅ መድፈን ቀላል ወጪ ነው። መንገዱ ከሥሩ ከተናጋ በኋላ ቆፍሮ እንደ አዲስ መሥራት ግን ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የሰሜን ቴክሳስ አፈር ደግሞ ክፉ ነው። ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጭቃማ አፈር ነው፤ ከአቃቂና ከቦሌ ወዲያ ያለውን መረሬ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የቤት መሠረት የሚሰነጥቀው መሬት መንገዱንም አይምረውም።

አሁን ወደ ስታዲየሙ። በ2004 የአርሊንግተን መራጮች ለዳላስ ካውቦይስ የእግር ኳስ ቡድን ስታዲየም (የአሜሪካኑን እግር ኳስ ማለታችን ነው) ግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ፈቀዱ። የከተማው ድርሻ 325 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስታዲየሙ በ2009 ተከፈተ። በ2016 ደግሞ ያው ግማሽ ሳንቲም ለቴክሳስ ሬንጀርስ የቤዝቦል ቡድን አዲስ ሜዳ እንዲራዘም ተጠይቀው፣ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የከተማ ድርሻ ፈቀዱ፤ ሜዳው በ2020 ሥራ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ለኳስ ግማሽ ሳንቲም፣ ለመንገድ ሩብ ሳንቲም። የቡድኖቹ ባለቤቶች ቢሊየነሮች ናቸው።

ይህችው ከተማ በ1980፣ በ1985 እና በ2002 የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ለማቋቋም የቀረበላትን የታክስ ጥያቄ ሦስት ጊዜ «አይሆንም» ብላ ጥላለች። የመንገዱን ሩብ ሳንቲም የፈቀደችው በዚያው አውቶቡሱን በጣለችበት በ2002 ነው። መኪና የሌለው ሠራተኛ፣ ገና ከአገር ቤት የመጣ ዘመዳችን ጭምር፣ በዚያች ከተማ ለብዙ ዓመታት እንዴት ሥራ ይደርስ እንደነበር አስቡት። በ2017 የተጀመረው በስልክ የሚጠራ የጋራ መኪና አገልግሎት ትንሽ ክፍተት ሸፍኗል። ዴሞክራሲ ሲባል ሕዝብ ሁልጊዜ ይመርቃል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ የሚያስቆጭ ነገር ይመርጣል። ሆኖም የወሰነው ራሱ ነው፣ ሐሳቡን የሚቀይርበት ቀንም አለው።

ለስታዲየሙ የሚከራከሩት እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳውም ታክስ ይከፍላል ይላሉ። ይህ ለመንገዱ ታክስም ይሠራል። ለጨዋታ ወይም ለመዝናኛ ፓርኩ የመጣው ሰው ሆቴል ካፌ በልቶ፣ ማሊያ ገዝቶ ሲሄድ ሩብ ሳንቲሙን ጥሎ ይሄዳል። ለ2026 የዓለም ዋንጫ 9 ጨዋታ የተመደበው ለዚሁ ስታዲየም መሆኑን ስናስብ፣ ከተማው ከነዋሪው ብቻ በሚሰበሰብ የንብረት ግብር ከመጠገን ይልቅ በሽያጭ ታክስ መጠገኑን ለምን እንደሚመርጥ ይገባናል።

«እኛ ያለነው ዳላስ ነው፣ ጋርላንድ ነው፤ እዚያስ?» የሚል ይኖራል። ዳላስና ጋርላንድ ከሁለቱ ሳንቲም አንዱን ዳርት ለሚባለው የአውቶቡስና የባቡር ድርጅት ሰጥተዋል። አንዱ በመደበኛ በጀት ስለሚያዝ ጣሪያው ሞልቷል፤ ለመንገድ የሚተርፍ ሩብ ሳንቲም የላቸውም። ስለዚህ ዳላስ መንገዷን የምትጠግነው በአብዛኛው በቦንድ፣ ማለትም በብድር ነው። በ2017 መራጩ ከፈቀደው 1.05 ቢሊዮን ዶላር 534 ሚሊዮን ገደማው፣ በ2024 ከፈቀደው 1.25 ቢሊዮን ደግሞ 521 ሚሊዮን ገደማው ለመንገድ ነበር። ብድሩ የሚከፈለው ከቤት ባለቤቱ የንብረት ግብር ነው፤ ተከራዩም በኪራዩ ውስጥ ይከፍለዋል። በዚያም ቢሆን ገንዘቡ ከመበደሩ በፊት ሕዝብ ይጠየቃል።

የተቃዋሚዎችን ቃል ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ጊዜያዊ የተባለ ታክስ አይሞትም ይላሉ፤ በ2002 ለአራት ዓመት የተጀመረው እየተራዘመ ሃያ ዓመት ማለፉን ያሳያሉ። መንገድ መጠገን የማዘጋጃ ቤት ተቀዳሚ ሥራ ሆኖ ሳለ ለምን ልዩ ገንዘብ ይጠየቅበታል፤ ከመደበኛው በጀት ይውጣ ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ያሳስበናል። አንዳንድ ከተማ ልዩ ታክሱን ሲያገኝ መደበኛውን የመንገድ በጀት ቀስ ብሎ ሊቀንስና ለሌላ ሊያውል ይችላል፤ አጥሩ ያኔ ትርጉም ያጣል። መድኃኒቱ የከተማውን በጀት ሰነድ ማንበብ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። እኛ መራጭ ብንሆን ይቀጥል እንላለን፤ ነገር ግን አራቱ ዓመት ወደ ሃያ ይራዘም ቢባል እምቢ እንላለን። ቀን ያልተቆረጠለት ግብር ማን እንደሚያዝበት ከአገር ቤት እናውቃለን።

በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. የ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ሲተካ ነጋዴውም ሸማቹም የሰማው በአዋጅ ነው። በ1997 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ የሚጣለውን የጥገና ገንዘብ ሲሰበስብም መኪና ነጂው ድምፅ አልሰጠበትም። አሳቡ መጥፎ ነበር አንልም፤ ከቴክሳሱ የቤንዚን ታክስ ይልቅ ለጥገና የቀረበ ነው። የጎደለው ጠያቂ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ለቅንጅት ሰጥቶ ነበር። ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ቃሊቲ ገቡ፤ ከተማዋም በባላደራ አስተዳደር ተያዘች። በ2023 የጣራና ግድግዳ ግብር ሲጨመር፣ በ2024 በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ሲፈርስ ነዋሪው በድምፅ መስጫ ሣጥን አልተጠየቀም። በአገራችን ደጅ የሚጠናው ባለጉዳዩ ነው፤ ቀበሌ በር ላይ ፋይሉን አቅፎ «ነገ ና» እየተባለ ይመላለሳል። አርሊንግተን ላይ ደጅ የሚጠናው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ሌላ ያስደነቀን ነገር እንጨምር። በቴክሳስ ሕግ ከተማው በሕዝብ ገንዘብ «አዎ ብላችሁ ምረጡ» የሚል ማስታወቂያ ማሠራት አይችልም። ታክሱ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚውል የሚገልጽ ጽሑፍ ማሳተም ይችላል፤ ግፊት ከጨመረበት ወንጀል ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ ላደግን ሰዎች ይህ ተረት ይመስላል። «ሕዝቡ ድጋፉን ገለጸ» የሚለው አርዕስት ሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ያድር ነበር።

በዚህ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚሆን ጥቂት ነገር እናስቀምጥ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ታክሱን ይከፍላል እንጂ አይመርጥም። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብና መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከመባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «የመራጭ ምዝገባ» የሚለው ሣጥን ላይ ሳያስተውሉ ምልክት እንዳያደርጉ። ዜግነት የወሰዱ ደግሞ ከምርጫው ቢያንስ 30 ቀን በፊት መመዝገብ አለባቸው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይያዙ። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ከላይ ያሉትን ታላላቅ ስሞች መርጠው እንዳይወጡ። የምርጫ ወረቀቱ በአማርኛ አይዘጋጅም። የፌዴራሉ ሕግ ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለቀደምት የአሜሪካ ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ልጃቸውን ወይም የሚያምኑትን ሰው ይዘው ገብተው መታገዝ መብታቸው ነው፤ ረዳቱ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ መሆን ብቻ አይፈቀድለትም።

በግንቦት የሚካሄዱት የከተማ ምርጫዎች በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ላይ ይውላሉ። ቅዳሜ ለእኛ የሰርግም የሥራም ቀን ነው። ለዚህ ሲባል ከምርጫው ቀደም ብሎ በሥራ ቀናት ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ሹፌር ሁለት ጉዞ መካከል ገብቶ ሊወጣ ይችላል።