ዜና ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ
ከቁስቋም

ከጎንደር ከተማ መሀል በስተሰሜን ምዕራብ በተራራ ግርጌ የምትገኘው ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት የደብረ ፀሐይ ቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ መገኛ ናት። በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው ነጋሪት ተጎስሞ በአዋጅ ነጋሪ አማካይነት ነው። የቀረው ወሬ በገበያ፣ በደጀ ሰላም፣ በማኅበርና በሰንበቴ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዜና መንገድ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ቀጥሎም ሬዲዮ እስከ ገጠር ዘለቀ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ብዙ ገበሬ ከፊደል ጋር ተዋወቀ። ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ጋዜጣ ሳይገዛ ዜና የሚያነበው ሰው ብዙ ነው። ዜናው የሚገኘው በአብዛኛው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የአንድን ዜና አቅራቢ ገጽ በመከታተል፣ ሁለተኛው ወዳጅ ዘመድ ያስተላለፈውን በመቀበል፣ ሦስተኛው በጉግል ፈልጎ በማውጣት ነው። ዘመናዊ ስልክ በሌለበት ቤትም ቢሆን ዜናው አይቀርም፤ ተማሪው ልጅ ያነባል፣ አባት ያዳምጣል፣ አባትም በማግሥቱ ለጎረቤት ይነግራል። በዚህም ምክንያት አንድ ስህተት ከአንድ ስልክ ተነሥቶ ቀበሌውን ያዳርሳል።

አማርኛ አንባቢን በተለይ የሚያሰናክሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። ጎንደር በ«ጎ»ም በ«ጐ»ም ይጻፋል፤ ፀሐይም በ«ፀ»ና በ«ጸ»፣ በ«ሐ»ና በ«ሀ» ተጽፎ ይገኛል። ፈላጊው አንዱን ብቻ ከጻፈ በሌላው ፊደል የተጻፈው ሊያመልጠው ስለሚችል፣ አንዱ ካልሆነለት ሌላውን መሞከር ይኖርበታል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከዜናው ሥር 2017 የሚል ቁጥር ቢታይ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን ከሆነ በእኛ 2009 እና 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። ስምንት ዓመት ያህል የቆየ የእህል ዋጋ የትናንት መስሎ የሚነበበው በዚህ ዓይነት ነው። ዋጋው ትክክለኛ ቢሆን እንኳ የየትኛው ገበያ እንደሆነ፣ ለአንድ ኩንታል ይሁን ለኪሎ፣ የማጓጓዣው ወጪ ይታሰብበት አይታሰብበት ሳይታወቅ ጤፍን አውጥቶ መሸጥ ኪሳራ ያስከትላል።

የወሬ ጉዳት ይበልጥ የሚከፋው በእጥረት ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ደርሶ ገበሬው አቤቱታውን ማሰማቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ማዳበሪያ ገብቷል» የሚል ያልተጣራ መልእክት ቢናፈስ፣ በሬውን ፈትቶ ወደ ከተማ የሚወርደው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የዘር ቀኑም ያልፍበታል። ያለፈ የዘር ቀን ደግሞ በይቅርታ አይተካም።

በሌላ በኩል ስልኩ ሁልጊዜ አይሠራም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ወቅት ሬዲዮና ተራ የስልክ ጥሪ ዋጋቸው ይታያል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ግብርና ሚኒስቴርና ኢትዮ ቴሌኮም በ2006 ዓ.ም. የጀመሩት የ8028 የስልክ አገልግሎት የታሰበውም ለዚህ ዓይነቱ ገበሬ ነበር። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ገበሬው በነፃ ደውሎ፣ የሚፈልገውን ሰብል በቁጥር መርጦ፣ ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ምክር በድምፅ እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ሊያደርጉ ይገባል? ማንበብ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶችን መርጦ በስብሰባ ቀን ዜና እንዲያሰሙ ማድረግ ይቻላል። ከመነበቡ በፊት ግን ሦስት ጥያቄ ይመለስ፦ ማን ጻፈው? መቼ ተጻፈ? ሌላስ ማን ተናገረው? ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር ከሆነ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደውሎ መጠየቅ ከግማሽ ቀን መንገድ ያድናል። ሐሰት መሆኑን እያወቁ ማሰራጨት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንደሚያስጠይቅ ለአባላት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። ድሮ ወሬው ከገበያ እስከ መንደር በእግር እስኪደርስ ሰው ለማሰቢያ ጊዜ ነበረው። ዛሬ መልእክቱ በቅጽበት ስለሚደርስ የማሰቢያውን ጊዜ መሪውና ማኅበሩ ራሳቸው ሊመድቡ ይገባል።