የቆርቆሮ ወርክሾፕን በአነስተኛ ወጪ ማቀዝቀዝና ማሞቅ፦ ከማሽኑ በፊት ጣሪያው

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በአቡ ዳቢ ሙሳፋህ፣ በዱባይ አል ቁዝና በሻርጃህ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች የብየዳ፣ የአናጢነትና የመኪና ጥገና ሥራ በብዛት የሚከናወነው በቆርቆሮ በተሠሩ ወርክሾፖች ውስጥ ነው። በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስበት አገር ቆርቆሮ ጥላ ይሰጣል እንጂ ቅዝቃዜ አይሰጥም። ከሌላ ሕንፃ ተነጥሎ የቆመ ወርክሾፕ ደግሞ ጣሪያውም ግድግዳውም ለፀሐይ የተጋለጠ በመሆኑ ችግሩ ይበረታበታል። ብዙ ባለቤቶች ወዲያው የሚያስቡት ትልቅ ኤሲ መግዛትን ነው። ይሁንና ርካሹ ቅዝቃዜ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለ ሙቀት ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኪሎዋት ገደማ ኃይል ታወርዳለች። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጣሪያ 60 ኪሎዋት ያህል ይቀበላል ማለት ነው። ባለ 2 ቶን ኤሲ ከክፍሉ ሊያወጣ የሚችለው ሙቀት ግን ወደ 7 ኪሎዋት ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ያረፈው ሙቀት ሁሉ ወደ ውስጥ ባይዘልቅም፣ ጠቆር ያለ ቆርቆሮ እስከ 70 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚግል ከበታቹ ያለውን ሰው እንደ ምድጃ ከላይ ይጠብሰዋል። ስለዚህ ሥራው ከጣሪያው መጀመር ይኖርበታል።

የመጀመሪያውና ርካሹ እርምጃ ጣሪያውን ሙቀት በሚያንጸባርቅ ነጭ ቀለም መቀባት ነው። ንጹሕ ነጭ ጣሪያ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ይመልሳል። አቧራ ሲለብስ ግን ይህ ጥቅሙ ስለሚቀንስ በየጊዜው መታጠብ ይገባዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በተለይም ብርሃን እንዲያስገባ የተደረገው የፕላስቲክ ክፍሉ፣ የሰው ክብደት ላይችል ስለሚችል ሥራው ያለ መወጣጫ፣ ያለ ደኅንነት ቀበቶና በቀትር ፀሐይ መሠራት የለበትም።

ሁለተኛው እርምጃ ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ማኖር ነው። የሚያብረቀርቅ ፎይል ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ሳይሆን ጥቂት ሴንቲሜትር የአየር ክፍተት ተትቶለት ካልተዘረጋ እምብዛም አይጠቅምም። ብየዳና ግራይንደር በሚሠራበት ቦታ የፎም ንጣፍ ከብልጭታ እሳት ሊይዝ ስለሚችል፣ የማይቀጣጠለውን የድንጋይ ሱፍ መምረጥ ይበጃል። የተከራየ ወርክሾፕ ከሆነ አስቀድሞ የባለንብረቱንና የሲቪል ዲፌንስን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የአየር መተላለፊያ ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው በጣሪያው ጫፍ፣ መግቢያው ደግሞ ፀሐይ በማይመታው ወገን ከመሬት ዝቅ ብሎ ሊሆን ይገባል። በነፋስ የሚሽከረከረው የጣሪያ ማስወጫ መብራት አይፈልግም። የብየዳ ጭስን የሚያስወግደውም ይኸው የአየር እንቅስቃሴ ነው።

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ የማቀዝቀዣ ምርጫ ይመጣል። ዴዘርት ኩለር የሚባለው፣ አየርን በረጠበ ንጣፍ አሳልፎ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ፣ ከኤሲ እጅግ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። እንደ አል ዐይን ባለ ከባሕር በራቀ ደረቅ አካባቢ ጥሩ ይሠራል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች አየሩ እርጥበት በሚሸከምባቸው ወራት ግን ውጤቱ እጅግ ይደክማል። ማራገቢያም ወሰን አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያሳስበው አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማራገቢያ ገላን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። በመሆኑም በሩ ተከፍቶ የሚውለውን ወርክሾፕ በሙሉ በኤሲ ለማቀዝቀዝ ከመድከም፣ በውስጡ 3 በ4 ሜትር የሆነች በደንብ የተሸፈነች የማረፊያ ክፍል ሠርቶ እርሷን ብቻ ማቀዝቀዝ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሠራተኛውም በየመሀሉ ገብቶ ገላውን ያሳርፋል።

በአገሪቱ ሕግ መሠረት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 12:30 እስከ 3:00፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ6:30 እስከ 9:00 ሰዓት፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥርና በገላጣ ቦታ መሥራት ክልክል ነው። ደንቡን የጣሰ አሠሪ በአንድ ሠራተኛ 5,000 ድርሃም፣ ቢበዛም እስከ 50,000 ድርሃም ይቀጣል። ደንቡ የሚናገረው በፀሐይ ሥር ስለሚሠራ ሥራ ቢሆንም፣ ያልተሸፈነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከውጭው ሊብስ እንደሚችል አሠሪም ሠራተኛም ሊዘነጉት አይገባም። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። በሙቀት መካከል የሥራ ባልደረባ ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ ገላውን በውኃ እያራሱ በ998 አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።

ክረምቱ አጭር ቢሆንም በበረሃውና በተራራማው ወገን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሌሊቱ ይበርዳል። እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ማስጠንቀቂያ ያሻል። ቡና የምናፈላበት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ወርክሾፕ ወይም መኝታ ክፍል ውስጥ ለማሞቂያ ሲውል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮትን ገርበብ ማድረግ መተማመኛ አይሆንም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም።

ለብርድ ጊዜም መላው ተመሳሳይ ነው። የሞቀ አየር ወደ ከፍተኛው ጣሪያ ሸሽቶ ስለሚባክን፣ አየሩን ሳይሆን በቀጥታ ሰውን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ጨረር ማሞቂያ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ መስቀል ይመረጣል፤ ከቲነር፣ ከቀለምና ከጋዝ ሲሊንደር ግን መራቅ አለበት፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድም መሰካት የለበትም። ለማረፊያ ክፍሏ የሚገዛው ኤሲ ማሞቅም የሚችል ዓይነት ከሆነ፣ ከተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ፍጆታ ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በበጋ ሙቀቱን የከለከለው የጣሪያ ንጣፍም በክረምት ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ፣ የወጣበት ገንዘብ በሁለቱም ወቅት ይመለሳል።