አስታማሚው ሲታመም፦ ሸክም፣ ቁስልና የመርሳት በሽታ

አንድ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ በቅድሚያ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ «አስታማሚው ማን ነው?» የሚል ነው። አስታማሚው ራሱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትና ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላ ሕመምተኛ ቢጠብቀውስ? በዓለም የጤና ድርጅት ግምት መሠረት ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) አለባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቹን የሚያስታምሟቸው የቤተሰባቸው አባላት፣ አዘውትሮም በዕድሜ የገፉ የትዳር ጓደኞቻቸው ናቸው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቀዶ ሕክምና እንግዳ ነገር አይደለም። በመሆኑም ጉዳዩን በዚህ ጽሑፍ ከሳይንስ አንጻር እንመለከተዋለን።

ጉዳዩን የምናውቀው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። እናታችን የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የሚያስታምሟቸውም አባታችን ነበሩ። አባታችን የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ሐኪሙ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሱ አዘዙ። እኛ ልጆቻቸውም ምግቡን፣ መድኃኒቱንና የጠያቂውን መስተንግዶ ሁሉ አዘጋጀን። ሆኖም እናታችንን ከአልጋ የሚያነሳቸው ማን እንደሆነ አላሰብንም። በ9ኛው ሌሊት እናታችን ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አባታችንም በብብታቸው ሥር እጃቸውን አስገብተው ብቻቸውን አነሷቸው። በማግስቱ የተሰፋው ቦታ አብጦ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ፤ ጥገናውም እንደገና እንዲሠራ ግድ ሆነ። ለዓመታት በክፍል ውስጥ ስለ ሌቨር ስናስተምር ኖረን በገዛ ቤታችን ያለውን ሌቨር ሳናየው ቀረን።

ሸክም በኪሎግራም ብቻ አይለካም

በወገባችን ላይ የሚያርፈው ጫና በሸክሙ ክብደትና ሸክሙ ከአከርካሪያችን ባለው ርቀት ይወሰናል። የሁለቱ ብዜት ቶርክ፣ ማለትም የኃይል የማዞር አቅም ይባላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 20 ኪሎግራም የሚመዝን ዕቃ ወደ 200 ኒውተን የሚጠጋ ክብደት አለው። ይህንን ዕቃ ከአከርካሪያችን 40 ሳንቲሜትር አርቀን ብንይዘው 80 ኒውተን-ሜትር ቶርክ ይፈጠራል። ይህንን ተቋቁመው ቀጥ የሚያደርጉን የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መዞሪያ ነጥብ ያላቸው ርቀት ግን 5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 80ን ለ0.05 ስናካፍል ጡንቻዎቹ 1600 ኒውተን መሳብ እንዳለባቸው እናገኛለን። ይህም ከዕቃው ክብደት 8 እጥፍ ነው፤ የጎነበሰው የራሳችን አካል ክብደት ገና አልተጨመረበትም። ያንኑ ዕቃ ወደ 20 ሳንቲሜትር ብናቀርበው ግን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

ሰው ደግሞ ከዕቃ ይለያል። መያዣ የለውም፤ ይወራጫል፤ ሲደነግጥም ይጎትታል። አልጋ ላይ ያለን ሰው ለማንሳት ጎንበስ ስንል ርቀቱ እጅግ ይጨምራል።

በዚህ ጊዜ የሆድ ጡንቻዎች ይወጠራሉ፤ በሆድ ውስጥ ያለውም ግፊት ከፍ ይላል። የሆድ ዕቃችን በአብዛኛው ፈሳሽነት ያለው በመሆኑ የፓስካል ሕግ በግርድፉም ቢሆን ይሠራበታል፤ ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል። የሆድ ግድግዳ ከሁሉ የሚደክመው ደግሞ ገና ባልጠገገው ስፌት በኩል ነው። ብርቱ ሳል ሲይዘን ስፌቱን በእጅ ወይም በትራስ ደገፍ አድርገን እንድንይዝ የምንመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁስል የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው

የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት፣ የተሰፋ የቆዳ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ያለው ጥንካሬ ከጤናማው ቆዳ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ3ኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ በ3ኛው ወር ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሕመሙ ግን ከዚህ ቀድሞ ይቀንሳል። አደጋው ያለውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰውየው «ድኛለሁ» በሚልበት ቀን ስፌቱ ገና ከክሩ በቀር ብዙ የሚይዘው የለውም። አባታችን በ9ኛው ሌሊት የነበሩበት ሁኔታ ይህ ነበር።

ከዚህም ሌላ ማስታመም ራሱ የቁስልን መዳን ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜና በገቢ የሚመሳሰሏቸውን ሌሎች 13 ሴቶችን መርጠው በክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል አበጁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 48.7 ቀን ሲፈጅ የሌሎቹ ግን በ39.3 ቀን ዳነ። ልዩነቱ 24 በመቶ ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖችን ያበዛል፤ እነዚህም ቁስሉን ለማከም ወደ ስፍራው የሚሰማሩትን ሕዋሳት ሥራ ያዳክማሉ። እንግዲህ አስታማሚ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሌላው ሰው ከሚያስፈልገው የበለጠ ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የሚያገኘው ዕረፍት ግን ያነሰ ነው።

ጉልበትን በዘዴ መተካት

አንባቢዎቻችን አንድ ቀላል ሙከራ እንዲያደርጉ እንጋብዛለን። ወንበር ላይ ጀርባችሁን አቅንታችሁ፣ እግራችሁንም ወደ ፊት ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ወደ ፊት ሳታጎነብሱና በእጃችሁ ሳትደገፉ ለመነሳት ሞክሩ። አይቻልም። ምክንያቱም የክብደታችሁ ማዕከል ያለው ከእግራችሁ ኋላ ነው፤ ማዕከሉ በእግር መርገጫው ላይ ካልዋለ ማንም ሰው ሊቆም አይችልም።

ሕመምተኛን ስናስነሳም ይኸው ሕግ ይሠራል። በቅድሚያ ወደ መቀመጫው ጠርዝ እንዲጠጉ፣ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ወደ ኋላ እንዲሰበስቡ፣ ከዚያም አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው እስኪያልፍ ድረስ ወደ ፊት እንዲያዘነብሉ ይደረጋል። ማዕከሉ በእግራቸው ላይ ሲውል አብዛኛውን ሥራ የራሳቸው ጭን ይሠራዋል። ከፍ ያለ መቀመጫም ሥራውን ያቀልላል። ክንዳቸውን መጎተት ግን ትከሻቸውን ይጎዳል፤ አንገታችን ላይ እንዲንጠለጠሉ መፍቀድም ወገባችንን ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ማንሳት ይችላል ማለት አይደለም። እሱ የሚችለው መምራት ነው። ሕመምተኛው ወለል ላይ ቢወድቅ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ከራሱ ሥር ትራስ አድርጎ፣ ጎረቤት እስኪደርስ አጠገቡ መቀመጥ ይገባል።

የማይጠፋው ልማድ

እናታችን በየማለዳው «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያነክሱት?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አባታችንም ስለ ቀዶ ሕክምናው ይነግሯቸዋል፤ እናታችን በጣም ያዝናሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ያንኑ ይጠይቃሉ። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሽታው ቀድሞ የሚያጠቃው ሂፖካምፐስ የተባለውን አዲስ ትዝታ የሚመዘግብ የአንጎል ክፍል በመሆኑ ነው። ስለዚህ «ቆስያለሁ፣ አትጎትቺኝ» የሚለው ቃል ለነገ አይተርፍም።

ልማድ ግን በሌላ የአንጎል ክፍል ይቀመጣል። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል ከግራም ከቀኝም ወጥቶለት ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ተመራማሪ በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ሲያለማምዱት፣ ልምምዱን ማድረጉን ባያስታውስም ከቀን ወደ ቀን እጁ እየቀና ሄደ።

አባታችንም ይህን ሳያነቡ ደረሱበት። «ተነሺ» ማለቱን ትተው፣ ረከቦቱን ከፊት ለፊት አስቀምጠው «ነይ፣ ቡናው ሊበርድ ነው» ይሏቸው ጀመር። እናታችን ወደ ስኒው ጎንበስ ሲሉ የክብደታቸው ማዕከል ወደ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በትንሹ ደገፍ ቢያደርጋቸው ይነሳሉ።

ምን እናድርግ?

ቀኑ የተቆረጠ ቀዶ ሕክምና ካለ ዝግጅቱ ከዚያ በፊት ይጠናቀቅ። ለሐኪሙ «ቤት ውስጥ የማስታምመው ሰው አለ» ብሎ መንገር ያስፈልጋል፤ የዕገዳው ርዝመት እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይም ስንት ሳምንት እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። ቁስሉ ቢቀላ፣ መግል ቢይዝ፣ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

በሀገራችን ጠያቂ አይጠፋም። ነገር ግን ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣና ሕመሙ ቀንሶ ስፌቱ ባልጠነከረበት ጊዜ ቤቱ ባዶ ይሆናል። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ጊዜ እኛ የ6 ሳምንት ተራ በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሌሊቱን ልጆች ተከፋፈልነው፤ ሁለት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቀኑን አገዙን። «ምን ይዘን እንምጣ?» ላለን ጠያቂም «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት አብረዋቸው ይቀመጡልን» አልነው። አባታችን በእነዚያ ሰዓታት ተኙ፤ ስፌቱም ያዘ።

ወላጆቻቸው በዚህ ዕድሜ የሚገኙ ተማሪዎቻችን፣ አያቶች ያሏቸውም ጭምር፣ አንድ ቀን ይህ ጉዳይ ይገጥማቸዋል። ያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው «ሌሊት ማን ያነሳቸዋል?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።