ሮዜሺያና የቡናው ክስ

ሮዜሺያ የፊትን መሀል ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን የሚያጠቃ፣ ለዓመታት እየተመላለሰ የሚቆይ የቆዳ ብግነት ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ንጽሕና በማጓደልም የማይመጣ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል፤ በመጀመሪያ ፊት በየምክንያቱ ይግላል፣ ይቀላል፤ እያደር ቅላቱ አልለቅ ይላል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች በቆዳው ላይ ይታያሉ፣ መግል የቋጠሩና ያልቋጠሩ ሽፍታዎችም ይወጣሉ። ሽፍታው ከብጉር ጋር ቢምታታም፣ ብጉር የሚታወቅባቸው ጥቁርና ነጭ የቅባት ውታፎች በሮዜሺያ ስለማይገኙ ሁለቱን መለየት ይቻላል። መነሻው አንድ ብቻ አይደለም፤ የዘር ውርስ፣ ከልክ በላይ የሚቆጣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት፣ እንዲሁም በማንኛውም ሰው ፊት ላይ የሚኖረውና ከመዥገር ወገን የሆነው ዴሞዴክስ የተባለ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ከመጠን በላይ መብዛት በአንድነት ይጠቀሳሉ።

በዚህ ሕመም ላይ ከተነገሩት የተሳሳቱ ፍርዶች የታወቀው፣ አፍንጫው የቀላና ያበጠ ሰው ጠጪ ነው የሚለው ነው። አልኮል ፊትን ማቅላቱ እውነት ቢሆንም፣ ጠጥቶ የማያውቅ ሰውም አፍንጫው በሮዜሺያ ሊያብጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ቡና በሚፈላበት አገር የበለጠ መመርመር የሚገባው ሌላ ፍርድ አለ፤ እርሱም ሕመምተኛው ቡና መተው አለበት የሚለው ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዊልኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባሳተመው ጥናት፣ ሕመምተኞች ትኩስ ቡና፣ የቀዘቀዘ ቡና፣ ትኩስ ውኃና ካፌይን ለየብቻ ወስደው ፊታቸው ሲለካ፣ ትኩስ ቡናና ትኩስ ውኃ ፊትን ሲያቀሉ፣ የቀዘቀዘው ቡናና ካፌይኑ ግን አላቀሉም። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው አልነበረም ማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ80,000 በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን መረጃ የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ካፌይን ያለው ቡና በብዛት የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህ ዝምድናን እንጂ ቡና መድኃኒት መሆኑን ባያረጋግጥም፣ ቡናን ያለ ማስረጃ ለሚከሱ መልስ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣም በዚሁ ሕግ ይዳኛሉ፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገራቸው ካፕሳይሲን የሚያነቃው፣ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት የሚያነቃውን ያንኑ የነርቭ ተቀባይ ሲሆን፣ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት የተጋራው ይህን ተቀባይ በማግኘቱ ነበር። ስለዚህ ትኩስ ስኒና ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛው ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ይችላል፣ ነገር ግን ስኒው ለብ እስኪል ይጠብቅ፣ ከከሰሉ ምድጃም ራቅ ይበል። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ የሚያስቆጣት የምትበላው ሳይሆን ፊቷን የሚገርፈው ወላፈን ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባታል። የሚያስቆጣው ነገር ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ሁሉን ከመከልከል ይልቅ ፊት የቀላበትን ቀንና አጋጣሚ ለጥቂት ሳምንታት መመዝገብ ይሻላል።

ሮዜሺያ የነጮች ሕመም ነው መባሉም ሌላ ስሕተት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በቀለሙ ስለሚሸፈን፣ ወይም ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ ስለሚያደላ፣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይዘገያል፤ በዚህ ጊዜ ከዓይን ይልቅ ማቃጠሉ፣ መጋሉና ሳሙና ሲነካው መለብለቡ ይናገራል። ሕመሙን ማድያት ወይም ብጉር ነው ብሎ ከጎረቤት የተዋሰውን፣ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛውን ቅባት ፊቱን የሚቀባ ሰው ግን ሊወቀስ ይገባል። ከእነዚህ ቅባቶችና ከቆዳ ማንጫዎች መካከል ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶልን የመሰሉ ብርቱ ስቴሮይዶች ያሉባቸው አሉ፤ ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ሥርን አጥብቦ ፊትን ያሳምራል፣ በኋላ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ሲተውም ሽፍታውን አባብሶ ይመልሳል። ሰው መልሶ የሚቀባውም ይህን ግርሻ ፈርቶ በመሆኑ፣ ቅባቱን መተዉ በሐኪም መመራት አለበት።

ሕክምናው ሕመሙን ይገዛል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ለሽፍታው የሜትሮኒዳዞል፣ የአዜላይክ አሲድና የአይቨርሜክቲን ቅባቶች ይታዘዛሉ፤ ሲበረታ ዶክሲሳይክሊን ይጨመራል፣ ይህ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለተገለጡት የደም ሥሮች ሌዘር ይረዳል። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁረው ሕመምተኛ፣ ሮዜሺያ ዓይንንም ስለሚያጠቃ፣ ወደ ዓይን ሐኪም ሊዘገይ አይገባም። ከሁሉም በላይ ግን ፊትን በለብታ ውኃና በለስላሳ ማጠቢያ መታጠብ፣ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት፣ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ የየዕለት ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ፀሐዩን ሊንቅ አይገባውም። ቡናው ይቆይ፤ ከፊት ላይ መነሳት ያለበት የጎረቤት ቅባት ነው።